ጉንዳን የማያሳልፈው ሣጥን

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ደግሞም ያ ለሰፈር ሁሉ የሚተርፈው ቁጣዎ እንዴት ከረሙ? ልጅዎ ሾፌሩ ወንድሜና ባለቤቱስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ደህና መሆን አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ካልሆነ በስተቀር። በዚህ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ቤት ለቅቄአለሁ። ሻንጣዬን ፈትቼ ሳልጨርስ መልሼ ማሰር ሆኗል ሥራዬ። አሁን ከአንዲት ነርስ ጋር አንድ ክፍል ተካፍለን እንኖራለን። መስኮታችን ከጎረቤት ግድግዳ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ስለሆነ ቀኑ መንጋቱን የምናውቀው በሰዓት ነው።

የምጽፍልዎ ለጉዳይ ነው። የቤት ፕላን የሚሠራ አንድ ቢሮ ለሙከራ ወስዶኛል። ፕላኖቹን ቤቴ ሆኜ በኮምፒውተር እየሣልኩ አስረክባለሁ፤ እስከ ሚያዝያ ሥራዬን ከወደዱት በቋሚነት ይቀጥሩኛል። ኮምፒውተሩን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ፣ ያገለገለ ዕቃ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እየለቀምኩ። ይሠራል። ችግሩ ልብስ የለውም። ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ራስጌዬ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት የነርሷ እርጥብ ፎጣ ከገመድ ላይ ወደቀበትና ብልጭ አለ። እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ፤ ደግነቱ ማሽኑ ተረፈ።

ገበያ ላይ ያለው የብረት ኬዝ፣ የኮምፒውተር ሣጥን ማለቴ ነው፣ ለእኛ ክፍል አይሆንም። ያለን ባዶ ቦታ በአልጋዬና በግድግዳው መካከል ያለች ክፍተት ብቻ ናት፤ ያየሁት ኬዝ ሁሉ እዚያ አይገባም። «በእንጨት ቢሠራስ?» ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ መጀመሪያ እርስዎ ትዝ አሉኝ፣ ከዚያ ነው እንጨት ቢሆንስ ያልኩት። ሠርተው ይልኩልኛል?

በስልክ ያላወራሁዎት ንቄ አይደለም። ያ መጋዝ ጆሮዎን ካደነቆረው ወዲህ እኔ ሃያ ስል እርስዎ ሃምሳ ሰምተው ቁም ሣጥን እንዳይልኩልኝ ፈርቼ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ያሳደጓት የእህትዎ ልጅ፣ ሽብልቅ


ጥቅምት 29

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይሄ «ደህና ነን» ለደብዳቤ ወግ ነው፤ እውነቱን ቀጥዬ እነግርሻለሁ። በሁለት ሰው ጨዋታ መሀል ካልገባሁ እያልሽ ስታስቸግሪ ሽብልቅ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፤ አሁንም ሳታውቂው በእኔና በልጄ መሀል ገብተሻልና ነገሩን ከሥሩ ስሚ።

ክረምቱ ሲወጣ የኤሌክትሪክ መጋዙ የግራ እጄን ሌባ ጣት ጫፍ ወሰደብኝ። ብዙ አይደለም፣ ጥፍሩንና ትንሽ ሥጋ። «ሌባው ተቀጣ» ብዬ ሳቅሁ፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንድምሽ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው። «አባዬ፣ በቃህ፣ ወርክሾፑን ዝጋው።» ምራቴም ታጅበዋለች። «አባባ፣ ሠርተዋል፣ ደክመዋል፣ አሁን ይረፉ።» አረፍኩ እሺ! ጠዋት ተነስቼ እስከ ውጭ በር እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ወንበሬን ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ አዘዋውራለሁ። በቀደም ምራቴ «አባባ፣ እርስዎ ባይደክምዎ ወንበሩ ደከመው» አለችኝ። ልጄ፣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኛል። ኪሴ ውስጥ ከትቼው ስሄድ ራሱ ቁልፍና ሚስማር ሲቆጥር አገኘዋለሁ።

ደብዳቤሽ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ወንድምሽ «ኮምፒውተር በእንጨት!» ብሎ ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ። እኔም ተናደድኩ፣ ነገር ተወራወርን፣ በመጨረሻ ተወራረድን። ውሉ ይኸውልሽ። ሣጥኑን ሠርቼ እልክልሻለሁ። ሣጥኑ ሥራውን በደንብ ሠራ ብለሽ በእጅሽ ጽሑፍ ካረጋገጥሽ፣ ወንድምሽ ስለ ወርክሾፑ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። አልሠራም ካልሽ ደግሞ ቁልፉን አስረክበዋለሁ፣ ወርክሾፑም ይዘጋል። ምራቴ ፊት ተጨባብጠናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሚመለስ ነገር የለም።

እንግዲህ ዳኛዋ አንቺ ነሽ። አጎቴ ነው ብለሽ እንዳታዳዪልኝ! አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማሽኑ ምን ያህል ይከብዳል? የሚገባው ከላይ ነው ከጎን? ብርድ ይፈራል? ክዳኑ በማጠፊያ ይሁን በብሎን? ሥዕሉን ከነልኬቱ ላኪ፤ ልኬቱን ግን በስንዝር እንዳትጽፊው፣ አውቅሻለሁ።

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፣

የጣትዎን ነገር ሳነብ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እስካሁን ማንም አልነገረኝም እኮ! ወንድሜ በየጊዜው ይደውላል፤ ስለ ጎማ፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ተሳፋሪ ጠብ ያወራኛል፣ ይሄን ግን ዋጠው። እግዜር ምህረቱን ይላክልዎ።

ዳኝነቱን ግን ምነው በእኔ ላይ ጫናችሁት? አንዱ ያሳደገኝ፣ አንዱ በጀርባው አዝሎኝ ያደገ ወንድሜ። ማንኛችሁ ብትረቱ እኔ ነኝ የምቀጣው። ከዚህ ሁሉ ፎጣው ቢያቃጥለው ይሻለኝ ነበር።

ሥዕሉን አያይዣለሁ። ልኬቱ በሚሊሜትር ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ሚሊ ለሚልዎ ሰው በስንዝር የምጽፍበት ድፍረት የለኝም። ነገር ግን መጀመሪያ ያሰብኩትን ልኬት ቀንሼዋለሁ። ነርሷ አልጋዋን ስታንቀሳቅስ የእኔም ተገፋና ክፍተቷ በአንድ ጣት ጠበበች፤ የእርስዎን ጣት ማለቴ አይደለም። ዋናው የማሽኑ ገበታ ከጎን ይገባል። ከሥሩ አራት የነሐስ እግሮች አሉት፤ በእነሱ ላይ ነው የሚቆመው። ክብደቱ ከአንድ የታሸገ ብሎን ካርቶን አይበልጥም። ብርድ አይፈራም፤ እንዲያውም ይወዳል። ሌላው ሁሉ ሥዕሉ ላይ ተስሏል።

እዚህ ነገሩ እየተጣደፈ ነው። ቢሮው የአንድ መኖሪያ ቤት ፕላን ሰጥቶኛል፣ ሦስት ፎቅ ከነደረጃው። ሌሊቱን እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ ብዬ እተኛና ዐይኔን ሳልከድን ይመሻል። ቶሎ ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ስለ እኔ ብለው አይጣደፉ። ያንን መጋዝ ሲያስነሱ ደግሞ ይጠንቀቁልኝ፤ አደራ።

አክባሪዎ፣ ሽብልቅ


ጥር 12

ለዳኛዬ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ባለፈው ቤትሽም ባለሽበት ቤትም ይድረስ፣ አንቺ የት እንደሆንሽ ስለማይታወቅ።

ሣጥኑ አልቋል። ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት አስረክቤ መጣሁ፤ አሁን ደግሞ ምነው ባልሰጠሁት እያልኩ እንቆራጠጣለሁ። መንገድ ላይ ይጥሉት ይሆን? ዝናብ ላይ ያሳድሩት ይሆን? የተቀበለችኝን ልጅ «በቀስታ» ብዬ ነገርኳት፤ ማህተሟን በላዩ ላይ እንደ መዶሻ አሳረፈችው።

አሠራሩን ልንገርሽ። እንጨቱ የእናትሽ የድሮ ቁም ሣጥን ጎን ነው። ምስጥ በልቶት የቀረው ጣውላ ለዓመታት ግድግዳ ተደግፎ ደርቋል፤ እንደ ደወል ይጮኻል። እንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት አይጣመምም፣ አይከዳም። በመላጊያ ሳስተካክለው የእንጨቱ ጅማት ብቅ አለ፤ ቀይ ነው፣ መሀሉ ላይ የጨለመ መስመር አለው። ማዕዘኖቹን ጥርስ ለጥርስ አያይዤአቸዋለሁ። አንድም ሚስማር የለም። አራት ጊዜ ገጥሜ አራት ጊዜ ፈታሁት። አምስተኛው ላይ መግጠሚያውን በጥፍሬ ብፈልገው አጣሁት፤ በተረፉት ጥፍሮቼ ማለቴ ነው።

ከዚያ ፈተንኩት። ውስጡ የባትሪ መብራት አብርቼ ክዳኑን ዘጋሁና ክፍሉን አጨለምኩት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን አልወጣችም። ይሄ አልበቃኝም። ውስጡ ስኳር አስቀምጬ ግቢው ውስጥ ጉንዳን በሚሄድበት መስመር ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ስመጣ ጉንዳኖቹ ዙሪያውን ከብበው ይመካከራሉ። አንድም አልገባም! ምራቴን ጠርቼ አሳየኋት። «አባባ፣ ጉንዳን ኮምፒውተር ይጠቀማል እንዴ?» አለች። ሰው ጥሩ ሥራ ሲያይ ነገር ይጠፋዋል።

ሥዕልሽ ላይ አንድ ስህተት ነበር፣ አስተካክዬልሻለሁ። ከኋላ ሁለት ትልልቅ ክብ፣ ከሥር ደግሞ የተደረደሩ ስንጥቆች ስለሻል። ክቦቹን መጀመሪያ ሳያቸው ወረቀቱ ላይ ብርጭቆ ያስቀመጥሽበት መሰለኝ። በኋላ ቀዳዳ መሆኑ ገባኝ። ልጄ፣ ቀዳዳ ያለው ሣጥን የአይጥ ቤት ነው። እዚያ ያሉት ኬዞች በግዴለሽነት ስለሚሠሩ አንቺም ለምደሽው ነው ብዬ ደፈንኩት። ከፈተናው በኋላ ለሽቦዎቹ ብቻ አንዲት ጠባብ መውጫ ከፍቻለሁ፤ እሷንም ጠርዟን በወፍራም ጨርቅ ለብጫታለሁ። አቧራ ቢመጣ፣ ፎጣ ቢመጣ፣ እንግዲህ ማሽንሽ ምን አባቱ ይነካዋል!

ወንድምሽ ምንም አልረዳኝም፤ አላደናቀፈኝምም። ግን መጋዙን ባስነሳሁ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ይቆማል። መጋዙ ሲጠፋ ይሄዳል። ተሳፋሪ የለህም ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ዐይኑን ከመጋዙ አላነሳም። አንድ ቀን ረጅሙን ጣውላ ስቆርጥ ጫፉን ያዘልኝ። ልኬቱን በደንብ ነው የያዘው፣ ይሄን ግን አልነገርኩትም።

እንግዲህ ደርሶሽ ገጣጥመሽ ፍርድሽን እስክትጽፊ እኔ ሰው አይደለሁም። ሣጥኑ ሲያልቅ እጄ መልሶ ሥራ ፈታ። ፖስተኛው የሚያልፍበትን ሰዓት አጥንቼዋለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 3

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? በመዘግየቴ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሣጥኑ በሰላም ደርሶኛል። አንድም ቦታ አልተጫረም፣ አልተነካም።

እንዴት ያምራል! ስከፍተው የእንጨቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው፤ መዳፏን ታሳርፍበታለች፣ ከዚያ ጫማዋን ታወልቃለች። ክፍተቷ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ፤ ወረቀት እንኳ አይተርፍም። የጥርሶቹን መግጠሚያ እኔም ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም። አንድ የቢሮ ባልደረባዬ መጥቶ አይቶት ከየት ገዛሽው አለኝ፤ አጎቴ ነው የሠራው ስለው አላመነም። ወዙ፣ ቀለሙ፣ የጨለመችው መስመር፣ ሁሉም ልዩ ነው።

እንግዲህ ለወንድሜ መርታትዎን ይንገሩት። ጊዜ ስለሌለኝ በዚሁ ላብቃ። ጤናዎን ይጠብቁልኝ።

ሽብልቅ


መጋቢት 21

ለእህቴ ልጅ፣

ስለ ሽታው ጻፍሽ። ስለ ወዙ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ነርሷ መዳፍ ጻፍሽ። ስለ ማሽኑ አንዲት ቃል የለችም።

ደብዳቤሽን ወንድምሽ ቀድሞኝ ከፍቶ አነበበውና «አሸነፍከኝ አባዬ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሲሸነፍ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። አልጨበጥኩትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ። በልጅነትሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ «ምሳው ዛሬ እንዴት ይጣፍጣል» ትይ ነበር፤ አሁንም ያው ነሽ።

ወርክሾፑን ከፍቼ እገባለሁ፤ ምንም ሳልነካ እወጣለሁ። መርታቴን እስካላወቅሁ መሮ አላነሳም። ማሽኑ ሠራ ወይስ አልሠራም? ይሄን ብቻ ጻፊ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9

ይድረስ ለአጎቴ፣

አልሠራም።

ይሄን ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርዎትም። የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ገጥሜ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ አበራሁት፤ በደስታ ነርሷን አቀፍኳት። ትንሽ ቆይቶ ድርግም አለ። መብራት የጠፋ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ ይበራል። ደግሜ አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ የደረጃውን ፕላን እየሣልኩ ነበር፤ ገና ማሽኑ ላይ ያላስቀመጥኩት ሥራዬ ሁሉ አብሮት ሄደ። ክዳኑን ስከፍት ወላፈን ፊቴን መታኝ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ያ ማሽን ሲሠራ ይግላል። ውስጡ ትንንሽ ማራገቢያዎች አሉት፤ ቀዝቃዛ አየር ስበው ትኩሱን ይገፋሉ። እነዚያ ክቦች ለእነሱ ነበሩ። ማንም የሚያውቀው ነገር መስሎኝ ለምን እንደሆኑ አልጻፍኩልዎትም። እርስዎ ደግሞ ትንፋሽ የማያስወጣ ሣጥን ሠሩ። በዓለም ላይ እንዲህ አድርጎ ሊደፍነው የሚችል ሌላ አናጢ ያለ አይመስለኝም።

መሰርሰሪያ ተውሼ ነበር። ሁለት ጊዜ እንጨቱ ላይ አስደግፌ ሁለት ጊዜ መልሼ አነሳሁት። የእናቴ ቁም ሣጥን ነው፣ የእርስዎ እጅ ነው፣ አልቻልኩም። አሁን ክዳኑን ከፍቼ ነው የምሠራው፤ ፎጣውም እንደ ድሮው ከላይ ይንጠለጠላል። ቢሮው የጠፋውን ፕላን በጊዜው ስላላስረከብኩ ተቆጥቶ ሙከራዬን አንድ ወር ጨመረበት። አልቀጠረኝም፣ አላባረረኝም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልንገርዎት፤ ከዚህ በኋላ ወንድሜ ቢረግመኝም። ሣጥኑ በደረሰ ሰሞን ደውሎልኝ ነበር። እንደማይሠራ ነገርኩት። «ሠራ በይው» አለኝ። «ውርርዱ ያንተ አይደለም ወይ?» አልኩት። «ነው፤ ግን ሣጥኑን ሲሠራ አላየሽውም፤ ሠራ ብለሽ ጻፊው» አለኝ። እኔም ፈራሁ። አይሠራም ብዬ ወርክሾፕዎን የምዘጋው እኔ እንዳልሆን ፈራሁ። «ሠራ» ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለ፣ ስለዚህ ስለ ሽታው ጻፍኩ።

ዳኝነቱ ይኸው። ይፍረዱብኝ።

ልጅዎ፣ ሽብልቅ


ግንቦት 6

ለምወድሽ ልጄ፣

አምላክ ጤናሽን ይስጥሽ፤ ቢሮዎቹንም ልብ ይስጣቸው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ብቻዬን አነበብኩት። ደሜ ፈላ። በአንቺ ላይ፣ በወንድምሽ ላይ፣ በዚያ ማሽን ላይ፣ በጉንዳኖቹም ላይ ጭምር። ከዚያ ራት ላይ፣ ያው ውርርዱን በተወራረድንበት ጠረጴዛ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አልሠራም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ከወንድምሽ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት።

አልነካውም። «አባዬ፣ አልፈልገውም» አለ።

«ታዲያ ለምን ተወራረድክ?»

«እንድታቆም።»

«ታዲያ ለምን አስዋሸሃት?»

«እንዳታቆም» አለና እንባው መጣ። ይሄ በመንገድ ላይ ለጭነት መኪና እንኳ ቅድሚያ የማይሰጥ ሰው! ምራቴ ተነስታ ልትወጣ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። ከዚያ ነገረኝ። ያን ቀን እኔን ሐኪም ቤት ካደረሰ በኋላ ተመልሶ መጋዙን ያጠበው እሱ ነው። ጥፍሬን በመጋዝ ብናኝ ውስጥ አገኘው። «ከዚያ ወዲህ መጋዙ ሲጮህ የትም ብሆን ይሰማኛል፣ ሌላ ሰፈር ተሳፋሪ እያወረድኩም ቢሆን» አለ። ለዚህ ነው በሩ ላይ የሚቆመው። እኔ የሚሰልለኝ መስሎኝ ነበር።

ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጄ በዓመት የሚያወራኝን በአንድ ራት አወራኝ። እኔም ያለኝን ነገርኩት። ጣቴ ከተቆረጠች ወዲህ በዚህ ቤት «አይሆንም፣ ተበላሽቷል» ያለኝ ሰው የለም። ለምራቴ በርጩማ ሠርቼላት ነበር፤ ያነክሳል። «እንዴት ያምራል አባባ» አለችኝ፤ ዞር ስል ከአንድ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፋ ስትወሽቅ አየኋት። ሁሉም ያመሰግነኛል፣ ሁሉም ያቅፈኛል፣ ሁሉም ወደ አልጋዬ ይሸኘኛል። እንደ ሕፃን ያጨበጭቡልኛል። ያመመኝ ጣቴ አይደለም፤ ይሄ ነው። አንቺ «አልሠራም» ስትይኝ በጣም ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ሥር ግን ደስ አለኝ። እንዲህ የሚባለው ሠራተኛ ብቻ ነው።

ውል ውል ነውና ቁልፉን እንዲወስድ ነገርኩት። ወሰደውም። በማግስቱ ወርክሾፑን ራሱ ከፈተና ቆሞ ዙሪያውን አየ። «መጋዙ ይሂድ፤ ሌላው ይቆይ» አለኝ። መጋዙን ነው እንጂ እኔን እንዳልሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ያ መጋዝ ከጓደኞቼ ሁሉ በላይ አብሮኝ የኖረ ነው፣ አንገራገርኩ። በመጨረሻ እሺ አልኩ፤ እሱና ረዳቱ ተሸክመው አውቶቡሱ ላይ ጫኑት። የት እንደወሰደው አልጠየቅኩትም። ሲወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አሁን ወርክሾፑ ጸጥ ብሏል፤ የእጅ መጋዝ ድምፅ ለካ ደስ ይላል። ጆሮዬም ከቀድሞው ይሻላል መሰለኝ፤ ወይም ሌላ የሚጮህ ነገር ስለሌለ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራችን። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ አንዱን አስከፍቼ አየሁ። ማራገቢያዋን አስነስቶ እጄን አስጠጋልኝ። ከዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ስህተት አርማለሁ ብዬ ልክ የነበረውን ደፈንኩ። ሥዕል ሲሰጡኝ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንን ይገድላል! አንቺም ብትሆኚ ለሠራተኛ ሥዕል ስትልኪ የእያንዳንዱን ነገር ምክንያት ጻፊ። በቢሮሽም እንዲሁ አድርጊ፤ የሚሠራው ሰው ያንቺን ጭንቅላት አያይም።

አዲስ የኋላ ገጽና አዲስ ወለል ሠርቼ ልኬልሻለሁ። ከዚያው ጣውላ ነው፣ የጨለመችው መስመር ከጎኑ ጋር ትገጥማለች። ክቦቹን በእጅ መሰርሰሪያ ዙሪያቸውን በስቼ በመሮ ነው ያወጣኋቸው። ወንድምሽ ጣውላውን ያዘልኝ። ቀኝ ያለው ክብ ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ ወንድምሽ ነቅንቆብኝ ነው፣ እሱ ደግሞ ያንተ እጅ ነው ይላል። ተሰዳድበንበታል። አሮጌውን የኋላ ገጽ የያዙት አራት ብሎኖች በሰም ተሸፍነዋል፤ ሰሙን በቢላ ጫፍ አንሺና ፍቺያቸው። ወለሉም እንዲሁ ነው። አትፍሪ፣ ቢላው ቢያመልጥሽና ቢጫርም ሣጥን ነው፣ ለሥራ ነው የተሠራው።

ገጥመሽ ክዳኑን ዝጊና አስነሺው። የፈለግሽውን ያህል ሥሪበት። ከዚያ ጉድለቱን ጻፊልኝ። ጉድለት ካጣሽበትም በደንብ ፈልጊ።

አጎትሽ